በሜዳው ዳር ቃሬዛ ስጠብቅ

«መዝጋት ሲገባሽ ከፈትሽው፣ መክፈት ሲገባሽ ዘጋሽው። ኸረ እንዲህ ያለ አፍ ለምን ተፈጠረ?»

ይህን ያሉኝ እማ ዘይነባ ናቸው፤ የእንድሪስ እናት። ቅዳሜ ገበያ፣ መካነ ሰላም፣ ቃሪያ እየመረጥኩ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቃሪያ ሻጯ እንኳ እጇን ከቁናው ላይ አንሥታ አየችኝ። ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ልጃቸው ኮሌጅ ሊገባ የተቃረበበትን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ቃል፣ ከዚያም በአንድ ዝምታ።

አሁን ኩታበር ነው ያለሁት። የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ወረቀት ነው፤ ወረቀት አይነጥርም፣ አይፈነዳም፣ ጭቃ ይዞ አይመጣም። «የሥራ ዘመኑን ታሪክ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው» ይሉኛል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ግን ያ የኳስ ሥራ ለእኔ አልቋል፤ ላለቀ ሥራ ዕድሜ አይጠየቅም። ስድስት ዓመት ከእጄ ያልለቀቀው የሰም፣ የሞራና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። አንዳንድ ቀን ማኅተም እየመታሁ ሳለሁ መዳፌን አነሣና አሸተዋለሁ። ቀለም ቀለም ይለኛል።

ሥራ የያዝኩት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። አባቴ ባል ሲፈልግልኝ እኔ ሥራ ፈለግሁ፤ ቀደምኩት። መጀመሪያ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። ተናጋሪው ሳይጨርስ እኔ አራት ነጥብ አኖር ነበር። ሊቀ መንበሩ አንድ ቀን ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ጓድ ዘርፌ፣ አንች የምትጽፊው ቃለ ጉባኤ ሳይሆን ቴሌግራም ነው» አለኝ። በስድስተኛው ወር ወደ ስፖርት ክፍል ላኩኝ፤ ንብረት ያዥ ሆኜ። ንብረቱ አራት ኳስ፣ አንድ መንፊያ፣ የተቀደደ መረብ፣ ሰባት ቁጥር የጠፋበት አሥር ቀይ ማሊያ ነበር። ደመወዙ ከሞት ያስጥላል፣ ከዚያ አያልፍም።

ስለ ጋሼ አበጋዝ ሳልናገር ስለዚያ ሥራ መናገር አልችልም። በወጣትነታቸው ለጦር ክፍል ቡድን ተጫውተው፣ ጉልበታቸው ተሰብሮ ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። በገበያው ጥግ ጫማ ይሰፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ የከተማውን ወጣቶች ቡድን ያሠለጥናሉ። ለማሠልጠን ማንም አልቀጠራቸውም፣ ስለዚህ ማንም ሊያባርራቸው አልቻለም። መርፌያቸው ምንጊዜም የኮታቸው ኮሌታ ላይ ተሰክቶ ነው፤ ሰው ሲያቅፋቸው «ቀስ! ትወጋለህ!» ይላሉ። በጨዋታ ቀን ተጫዋች በስሙ አይጠሩም። «ግራ!» «በረኛ!» «አንተ ተመላላሽ!» ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ስሙን ከጠራሁት አዝንለታለሁ» አሉኝ።

ኳስ መጠገን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሲሰጡኝ ስፌቱን ዙሪያውን ፈታሁት። ቆመው አዩኝና፣ «ሆዱ የታመመ ሰው ቆዳው በሙሉ ይገፈፋል?» አሉ። ከዚያ አሳዩኝ። መተንፈሻው ያለበትን ሁለት ቁራጭ ቆዳ ብቻ ትፈቺያለሽ። ካላማዳሪያውን፣ አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ በዚያ ታወጪና ነፍተሽ ውኃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣትሽ ትይዣለሽ፤ ጣትሽን ሳታነሺ ታደርቂዋለሽ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረሽ ማስቲሽ ትቀቢና ትለጥፊያለሽ። መስፋቱ በሁለት መርፌ ነው፣ ሰም በጠጣ ክር፤ ሁለቱ መርፌዎች ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፉና እኩል ይሳባሉ። አንዱ ከበለጠ ኳሱ ይጎብጣል። «ጎባጣ ኳስ ልጁን ያዋርደዋል፤ ሰው የሚስቀው በኳሱ ሳይሆን በልጁ ነው» ይሉ ነበር። የመጨረሻውን ቋጠሮ ወደ ውስጥ ትቀብሪዋለሽ። ከዚያ በሞራ ታሺውና ከደረትሽ ትለቂዋለሽ። ወገብሽ ከደረሰ ልክ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የምሰፋበትን ክር በጥርሳቸው እየነከሱ ፈተኑት። ሰም ካነሰው ይተፉታል፤ ሌላ ንግግር የለም።

ሜዳችን ወደ ታች ያዘነበለ ነበር። መስመሩን የምናሰምረው በአመድ ነው፤ አመዱን ጠላ የሚጠምቁት እማማ የሺ ይነፉልን ነበር። ጆንያ ይዤ ስሄድ፣ «ጠላው ለሰካራም፣ አመዱ ለእናንተ፤ ደህናውን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ይስቃሉ።

የሜዳው ሌላ ጉዳይ መንገዱ ነው። የክርስቲያኑ ሬሳም፣ የሙስሊሙ ጀናዛም ወደ መቃብር ሲሄድ በሜዳችን ዳር ያልፋል። ቃሬዛ ሲያልፍ ጨዋታ ይቆማል። ኳሱ ማን እግር ሥር እንደቆመ የዚያው ነው፤ ጨዋታው ሲቀጥል ከእሱ ይነሣል፤ በዚያች መካከል ኳስ የሚነጥቅ አልተወለደም። ጋሼ አበጋዝ ሰዓታቸውን ይይዛሉ፣ ያለፈውን ደቂቃ በኋላ ይጨምራሉ። ጀናዛ ፈጠን ብሎ ያልፋል። የክርስቲያኑ በየመንገዱ ለፍትሐት ስለሚቆም ይረዝማል፤ ሙስሊሞቹ ልጆች በሹክሹክታ፣ «የእናንተ ቄስ ዛሬም አልቸኮሉም» እያሉ ክርስቲያኖቹን ይነዘንዛሉ። ግን ማንም ከቦታው አይነቃነቅም።

የሚጫወት ሰው መንገድ አያይም። የጋሼ አበጋዝ ዐይን ደግሞ ደክሟል። ስለዚህ በሜዳው ዳር ቆሜ መንገዱን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። «ዐይኔ አንች ነሽ» አሉኝ። ከባሕር ዛፉ መታጠፊያ ቃሬዛ ብቅ ሲል «ቃሬዛ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ ሃያ ሁለቱም ይተከላሉ። ድምፄ ለዚያ ተፈጥሯል ይሉኝ ነበር።

እንድሪስ የግራ መስመር ተጫዋች ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ ከኳስ በቀር የሚያስቸኩለው ነገር የሌለ ልጅ። አባቱ ቁርአን ያስቀሩ የነበሩ፣ ዐርፈዋል። ትምህርቱ መካከለኛ ነው፤ ብቻውን በር አይከፍትለትም። ግን የስፖርት መምህራን የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ ነበር፤ በየዓመቱ ለቡድኑ የሚሆኑ ጥቂት ልጆች ይመርጣል። የሚለቅመው ከፋብሪካ ታዳጊ ቡድኖች ነው። እዚያ ለመግባት ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የሚያኖር ዘመድ፣ ታኬታ ጫማ፣ የወር መዋጮና የሚያስተዋውቅ ሰው ያስፈልጋል። እማ ዘይነባ ከነዚህ አንዱም አልነበራቸውም።

ጋሼ አበጋዝ ሌላ ቀዳዳ አግኝተው ነበር። የኮሌጁ መራጭ በየዓመቱ ደሴ ላይ የሚደረገውን የአውራጃ ወጣቶች ውድድር ያያል፤ ያውም ግማሽ ፍጻሜውን ብቻ። «የሀብታም ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። የኛ ልጅ የሚታየው አንድ ቀን ነው። ለአንድ ቀን ዓመት እንሠራለን» አሉ። ሠሩም። ጧት ጧት ጉም ሳይገለጥ እንድሪስን ሽቅብ ያስሮጡታል፣ ኳሱን እያንከባለለ፣ በግራ እግሩ ብቻ። እኔ ከላይ ሆኜ እቀበለዋለሁ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የኳሱ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ትንፋሹ፣ ከዚያ እሱ። ኩታበርም ጉም አለ። ከውስጡ የሚመጣ ግን የለም።

ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ጋሼ አበጋዝ ግን አልሄዱም። በመኪናው ላይ ቦታ ጠበበና የስፖርት ክፍሉ ኃላፊዬ እሳቸውን አስወርዶ ራሱ ገባ። ኳስ አያውቅም፤ ስብሰባ ያውቃል። እኔ የኳስ ጆንያውን ይዤ ሄድኩ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው፣ ዜሮ ለዜሮ። መራጩ ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣ ደብተር ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኃላፊዬ አጠገብ ተቀምጧል። እንድሪስ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ከበረኛው ጋር ለብቻ ቀረ። መራጩ ከወንበሩ ተነሣ። እኔ ግን እንድሪስን አላየሁትም ነበር። ዐይኔ የለመደው መንገድ ነው። ከሜዳው በላይ ባለው መንገድ ጥላ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ፤ በመካከላቸው ቃሬዛ።

«ቃሬዛ!»

ሳላስበው ነው የወጣው። የሳልኩ ያህል ነው። የእኛ ዐሥራ አንድ ልጆች ተተከሉ። እንድሪስ ኳሱን በጫማው ሥር ይዞ አንገቱን ደፋ። የእነዚያ ተከላካይ ግራ ገብቶት ትንሽ አየው። ከዚያ ኳሱን ከእግሩ ሥር አወጣው፤ ሦስት ጊዜ ተቀባበሉና አገቡ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። የእኛዎቹ ቃሬዛው እስኪያልፍ አልተነቃነቁም።

መራጩ ወደ ኃላፊዬ ዞረ። «ያ ግራ ምን ነካው? የሚጥለው ነገር አለ እንዴ?»

ኃላፊዬ ቃሬዛውን አየ፣ የሚስቀውን ሕዝብ አየ። በዚያው ሳምንት ስለ ኋላ ቀር ልማድ ንግግር አድርጎ ነበር። «አዎ... አልፎ አልፎ ይነሣበታል» አለ።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። መራጩ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ሲሠርዝ አየሁ። «ውሸት ነው፣ ልጁ ጤነኛ ነው፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። የማንንም ንግግር የማቋርጥ ሴት፣ ኃላፊዬን ፈራሁና ጆንያውን አሰርኩ።

ስንመለስ እንድሪስ ከመኪናው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «እትዬ ዘርፌ፣ የማን ቃሬዛ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«አላህ ይዘንለት» አለና ዐይኑን ጨፈነ።

ለጋሼ አበጋዝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጫማ እየሰፉ ሰሙኝ። «መጮህሽ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እጮህ ነበር። ዝም ማለትሽ ነው ያልሆነው» አሉ። ሰኔ ላይ የኮሌጁ ዝርዝር መጣ፤ የእንድሪስ ስም የለም። እማ ዘይነባ ወሬው ደርሷቸው ገበያ ላይ ያንን የተናገሩኝ በዚያው ሳምንት ነው።

ክረምቱ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች መጡ። ከመካከላቸው ዳዊት የሚባል የዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ የቡድኑ አምበል። ይህን እንደሰማሁ ሠፈሩበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ጥቁር ሰሌዳ ሲያጸዳ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት።

«ሬሳ ሲያልፍ ቆማችሁ?» አለ። «ዐሥራ አንዳችሁም?»

«ዐሥራ አንዱም።»

እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው። «አምኜሻለሁ፣ እኅቴ። አሠልጣኛችን ግን ቢያምንም አይጠቅመውም። የኛ ሜዳ ከሆስፒታል አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሬሳ ሳይወጣ የሚውልበት ቀን የለም። በሽታም ይሁን ባህል፣ የሚቆም ልጅ አይፈልግም። እሑድ ከእናንተ ጋር እንጫወት። ሳይቆም ዘጠና ደቂቃ ከጨረሰ በእጄ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እኔን ይሰማኛል። ከቆመ ግን የቆመ ነው።»

ይህንን ለእንድሪስ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ኳሱን ትቶ መንገዱን ያያል። ለእማ ዘይነባ ግን ነገርኳቸው። ለጋሼ አበጋዝ አልነገርኳቸውም።

እሑድ ዝናቡ ከቀትር በኋላ አባራ። መስመሩን በአዲስ አመድ አሰመርኩ። ከተማው ወጣ። ጋሼ አበጋዝ ከወዲያኛው ዳር ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ በመንገዱ በኩል። አንድ ለአንድ ሆንን፤ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀረ። እንድሪስ ኳሱን ከመሀል ተቀበለ።

ከባሕር ዛፉ መታጠፊያ አንድ ቄስ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ቃሬዛ።

ጡሩምባ አልተነፋም ነበር፤ በከተማው የሞተ ሰው አልሰማንም። ቃሉ ጉሮሮዬ ደረሰ። ዞር ስል እማ ዘይነባን አየሁ። እሳቸውም ቃሬዛውን አይተውታል። እኔን አዩኝ። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው በገዛ አፋቸው ላይ አደረጉት።

ጥርሴን ነከስኩ።

እንድሪስ አንዱን ዘማች አለፈ፣ ሽቅብ ነበር የሚጫወተው፤ ሁለተኛውን አለፈ። እንደ ልማዱ አንድ አፍታ ወደ እኔ ቀና አለ። ወደ ተራራው ዞርኩ። የኳሱን ድምፅ ብቻ ሰማሁ፣ ከዚያ የመረቡን።

እልል ሊሉ የጀመሩ ሴቶች ከመካከሉ ቆረጡት። ስዞር ቃሬዛው በሜዳው ጫፍ ቆሟል። ተሸካሚዎቹ ጨዋታው ሲቆምላቸው ስለለመዱ፣ ሳይቆም ሲያዩት ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እነሱ ቆሙ። ሬሳውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ኳሱን ጠበቁ። ከፊት የተሸከመውን አወቅሁት፤ የእማማ የሺ ልጅ ነው። እማማ የሺ ታመው ገጠር ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር፤ እዚያው ዐርፈው፣ በደብራቸው ሊቀብሯቸው እያመጧቸው ነው። ልጃቸው የቆመው መስመሩ ላይ ነበር። አመዱ ጫማው ላይ ተለጥፏል።

ጋሼ አበጋዝ አላዩም፣ ጸጥታውን ግን ሰሙት። እያነከሱ ሜዳውን ተሻግረው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቃሬዛው አልፎ ሄደ።

«ዘርፌ፣ አላየሽም?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከባሕር ዛፉ።»

ኳሱን አስመጥተው ብብታቸው ሥር አደረጉትና ወደ ሱቃቸው ሄዱ። የቀረችው ደቂቃ አልተጫወተችም። ዳዊት ግን የሚያየውን አይቷል፤ ጻፈ። እንድሪስ ቃሬዛውን ያኔ አይቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ጥቅምት ላይ ሄደ፤ ጋሼ አበጋዝ የሰፉለትን ታኬታ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። በማግሥቱ እማ ዘይነባ ቆሎ ይዘው ቤቴ መጡ። ትከሻዬን ሳሙኝ። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ። «እኔ ስሞት ግን፣ አደራ፣ ሜዳ ላይ አታቁሚኝ።»

ጋሼ አበጋዝ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ድንጋያቸውን ግን ወደ መንገዱ በኩል አዛወሩት። ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው መንገዱን ያያሉ። ዐይናቸው ቃሬዛንና የእንጨት ሸክምን አይለይም። እንጨት የተሸከመች ሴት ከባሕር ዛፉ ብቅ ባለች ቁጥር፣ «ቃሬዛ!» ይላሉ በዚያ በደከመ ድምፅ። ልጆቹ ይተከላሉ። ሴትየዋ አፍራ እየሮጠች ታልፋለች። ማንም አይስቅም። እኔ ኳስ ጆንያው አጠገብ ቆሜ እሷ እስክታልፍ እጠብቃለሁ። አራት ወር እንዲህ አየሁ፤ ከዚያ ዝውውር ጠየቅሁ።

የምሄድበት ጧት የግምጃ ቤቱን ቁልፍና የመርፌ ቆርቆሮዬን ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ኳስ ጭናቸው መካከል ይዘው ይሰፋሉ፤ ቀዳዳውን በጣታቸው እየፈለጉ።

«ቁልፉ ይኸው፣ ጋሼ። አራቱም ኳስ ደህና ነው። አንዱን ትናንት ሰፍቼዋለሁ።»

«ክሩን ሰም አጠጥተሽዋል?»

«አጠጥቼዋለሁ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ከቆርቆሮው የተረፈውን ክር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ አፋቸው ወስደው ነከሱት። ቆዩ። አልተፉትም። ወደ መርፌያቸው አስገቡት።

«መኪናው እንዳያመልጥሽ» አሉ።

ጭነት መኪናው ገበያው ጫፍ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ረዳቱ እጄን ይዞ ሳበኝና እህል ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በባሕር ዛፉ መታጠፊያ በኩል ወጣን።